የቻይና ዕቃና የአረብ ገንዘብ በአፋር መንገድ ላይ፤ አዋሽና ሰመራ ከመተላለፊያነት ወጥተው ገበያ ይሆኑ ይሆን?

ከሰመራ ተነስቶ በዲችኦቶ በኩል ጋላፊ የሚደርስ የጭነት መኪና ሾፌር ኬላውን ሲሻገር የሚገባው ወደ ጂቡቲ ብቻ አይደለም፤ ወደ አረብ ሊግም ጭምር ነው። ጂቡቲ ነፃ በወጣችበት በ1977 ሊጉን ተቀላቅላለች (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይኸው ሾፌር ሲመለስ የሚጭነው ኮንቴይነር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቻይና ዕቃ የያዘ ነው። ስለዚህ የቻይናና የአረብ አገሮች የንግድ መቀራረብ የቤጂንግና የሪያድ ባለሥልጣናት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ነጋዴ ካለ፣ ከአዋሽ እስከ ጋላፊ ያለውን መንገድ አንድ ጊዜ በጥሞና ቢመለከት ሐሳቡን ይለውጣል።

መቀራረቡ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። የቻይናና የአረብ አገሮች የትብብር ፎረም በ2004 ካይሮ ላይ ሲመሠረት በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ዓመታዊ ንግድ 36.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የመጀመሪያው የቻይናና የአረብ አገሮች የመሪዎች ጉባኤ በሪያድ በተካሄደበት በ2022 ንግዱ 431 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። በ18 ዓመት ውስጥ ከ11 እጥፍ በላይ አድጓል ማለት ነው። የዚህ ንግድ ዋና ዋና ዕቃዎች ወዲያ የሚሄደው ነዳጅና ወዲህ የሚመጣው የፋብሪካ ምርት ናቸው። እኛም ብንሆን ከሁለቱም ገዥዎች ነን፤ ነዳጁን ከባሕረ ሰላጤው፣ የፋብሪካውን ዕቃ ከቻይና እናስገባለን። ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የወጪና የገቢ ንግዳችን በጂቡቲ ስለሚያልፍ፣ ሁለቱም የሚገናኙት በአፋር ምድር ላይ ነው። ከባሕረ ሰላጤው የመጣ ነዳጅ የጫነው ቦቴ ከቻይና ሠራሹ ሲኖትራክ ጋር በሚሌ ጎን ለጎን ቆሞ ይታያል።

ከአረብ ሱቅ እስከ ዱባይ ተራ

የነገሩ ሥር አዲስ አይደለም። በባቡር ሐዲዱ ዳር የተቆረቆሩት ከተሞቻችን የችርቻሮ ንግድን የተማሩት በከፊል ከየመን ነጋዴዎች ነው። የሰፈሩን ሱቅ “አረብ ሱቅ” ወይም “አረብ ቤት” ብሎ መጥራት ባለቤቶቹ ከሄዱ በኋላም ቀርቷል። ቡናና ቆዳ ወደ ኤደን፣ ጨርቃ ጨርቅና ስኳር ከኤደን ይመላለስ ነበር።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ዱባይ በኤደን ቦታ ገባች። ሻንጣ ይዞ ወደ ዱባይ መመላለስ ሙያ ሆነ፤ መርካቶም ዱባይ ተራ የሚባል ሥፍራ አገኘች። “የዱባይ ዕቃ ነው” ማለት ለረጅም ጊዜ የጥራት ምስክር ሆኖ ሲያገለግል፣ ከዕቃው ብዙው ግን የተሠራው በቻይና ነበር። በ2004 ዱባይ ላይ የተከፈተው ድራገን ማርት ይህንኑ በግላጭ አወጣው። ከዚያ ወዲህ አቅም ያለው ነጋዴ ዱባይን አልፎ ወደ ጓንጁና ወደ ይዉ መብረር ጀመረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቻይና መብረር የጀመረው በ1973 በመሆኑ መንገዱ ቀድሞም ክፍት ነበር።

ዱባይ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በ2022 ዲፒ ወርልድና የይዉ ገበያ ባለቤት የሆነው የቻይና ኩባንያ በጀበል አሊ የይዉ ገበያ ከፈቱ። ቻይናና አረቦች ተባብረው ደንበኛውን ከመንገድ አስቀሩት ማለት ነው። አነስተኛ ካፒታል ላለው አስመጪ ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ ሙሉ ኮንቴይነር ከይዉ ለመሙላት አቅም የሌለው ሰው ከጀበል አሊ በትንሽ በትንሹ መግዛት ይችላል። የአዲስ አበባው ትልቅ አስመጪ ግን ከዚህ በኋላ ዋጋውን የሚያወዳድርበት ተፎካካሪ በዝቶበታል።

ሁለቱ ሲጣሉ ምን ሆነ?

የቻይናና የአረብ ገንዘብ ሁልጊዜ ተስማምቶ አይሄድም። ለዚህ ከጂቡቲ የተሻለ ምሳሌ የለም። የዱባዩ ዲፒ ወርልድ በ2006 የዶራሌን የኮንቴይነር ተርሚናል ለማስተዳደር የ30 ዓመት ውል ተፈራረመ፤ ተርሚናሉም በ2009 ሥራ ጀመረ። ከዚያ የቻይናው ቻይና መርቻንትስ በ2013 የጂቡቲ ወደብ ኩባንያን 23.5 በመቶ ድርሻ ገዛ። በ2018 ፌብሩዋሪ ላይ የጂቡቲ መንግሥት የዲፒ ወርልድን ውል ሰርዞ ተርሚናሉን ወሰደ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ከቻይና ኩባንያዎች ጋር የተቋቋመው የጂቡቲ ዓለም አቀፍ ነፃ የንግድ ቀጠና ተመረቀ። ክርክሩ ለንደንና ሆንግ ኮንግ ድረስ ሄዶ ለዓመታት ተጓተተ።

ዲፒ ወርልድ ፊቱን ወደ በርበራ ሲያዞር ኢትዮጵያም አብራ ልትገባ ሞክራ ነበር። በ2018 ማርች ላይ የበርበራ ወደብ 19 በመቶ ድርሻ ለኢትዮጵያ እንደተሰጠ ቢገለጽም፣ የሚጠበቁት ግዴታዎች ባለመሟላታቸው ድርሻው በ2022 እንደቀረ ታወቀ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ትልልቆቹ ሲጣሉም ሲታረቁም በሩ አይዘጋም፤ ቦታ የሚያገኘው ግን ገንዘቡን በወቅቱ ያቀረበ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል በ2017 ሜይና ጁን ላይ የሆነውን ማስታወስ ይገባል። በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ጂቡቲ ውስጥ ሦስት ወደቦች ተመርቀዋል። የዶራሌ ሁለገብ ወደብና የጉቤት የጨው ወደብ በቻይና ገንዘብ፣ የታጁራ ወደብ ደግሞ በሳዑዲ የልማት ፈንድና በአረብ የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ልማት ፈንድ ብድር የተሠሩ ነበሩ። ከታጁራ ወደ በልሆ የሚወጣውን መንገድ የኩዌት ፈንድ ደግፎታል። በልሆ ማለት የአፋር ድንበር ነው። ስለዚህ ለሰመራ ነጋዴ የቻይናም የአረብም በር ተከፍቶለታል፤ ጋላፊ ወደ ዶራሌ፣ በልሆ ወደ ታጁራ።

አንዱ በሐዲድ፣ ሌላው በአስፋልት

ብዙ ኢንቨስተር የሚሳሳተው አዋሽንና ሰመራን አንድ አድርጎ በማየት ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ መገንጠያ ናት። ከዚህ አንዱ መንገድ በምዕሶ በኩል ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ታጥፎ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎግያንና ሰመራን እያቋረጠ ጋላፊ ይደርሳል። በቻይና ኩባንያዎች የተሠራውና በ2018 ጃንዋሪ የንግድ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር የተከተለው የመጀመሪያውን አቅጣጫ ነው። ከሰበታ እስከ ጂቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀው ይህ ሐዲድ አዋሽን ይነካል፤ ሰመራን ግን አያውቃትም።

ባቡሩ የተሠራው በአብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ነው። የመክፈያው ዘመን በ2018 ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም መደረጉ የገቢው ነገር እንደታሰበው እንዳልሄደ ያሳያል። ለስድስት ዓመታት ያስተዳደሩት የቻይና ኩባንያዎችም በ2024 ለኢትዮ ጂቡቲ ምድር ባቡር አስረክበዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ አብዛኛው ጭነት ዛሬም የሚጓዘው በመኪና ነው። መኪና ደግሞ በሰመራ ያልፋል።

አዋሽን ልዩ የሚያደርጋት ሌላ ነገር አለ። በ2012 የቱርኩ ያፒ መርከዚ ኮንትራቱን የወሰደው የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ መስመር የሚነሳው ከዚህ ነው። 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ይህ መስመር በ2021ዱ ጦርነት ጉዳት ደርሶበት ለዓመታት ያለ አገልግሎት ቆይቷል። አንድ ቀን ባቡር የተንቀሳቀሰበት እንደሆነ ግን የወሎ ሰሊጥ፣ ማሾና ከብት የሚወርድባት መጋጠሚያ አዋሽ ትሆናለች። መጋዘን የሚገነባ ሰው ሊያስበው የሚገባው ይህንን ነው፤ ዛሬ ባዶ የሆነ ሐዲድ መሬቱን አላስወደደውም።

ሰመራ ከአዲስ አበባ 590 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ አሳይታን ተክታ የክልሉ መቀመጫ የሆነች አዲስ ከተማ ናት። የንግዱ ጉልበት ለረጅም ጊዜ በጎረቤቷ ሎግያ ነበር፤ የሾፌሮች ማደሪያው፣ ጎሚስታው፣ መለዋወጫ ሱቁና ሻይ ቤቱ ያለው እዚያ ነው። ሰመራ ግን ደረቅ ወደብ አላት፤ የኢንዱስትሪ ፓርክም ተገንብቶላታል። የደረቅ ወደብ ጥቅም ለአስመጪ ግልጽ ነው። ዕቃው በመልቲሞዳል ሥርዓት እስከ አገር ውስጥ ሲመጣ ጂቡቲ ላይ በዶላር የሚቆጠረው የመጋዘን ኪራይ ይቀንሳል። ችግሩ የአብዛኛው አስመጪ ደንበኛ አዲስ አበባ መሆኑና ሞጆ የባቡር ተራፊ መሆኗ ነው። ስለዚህ ሰመራ ከሞጆ ጋር በአዲስ አበባ ዕቃ ብትፎካከር አታሸንፍም። የምታሸንፈው ለአፋር፣ ለደቡብ ትግራይና ለወሎ በሚሄደው ዕቃና ወደ ውጭ በሚላከው ነገር ነው።

ባዶ የሚወርደው መኪና

እዚህ ላይ ደላላው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ቀላል ሒሳብ አለ። አገራችን በክብደት ሲታይ የምታስገባው ከምትልከው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ከጂቡቲ ጭኖ የሚወጣው መኪና ብዙውን ጊዜ ባዶውን ይወርዳል። ወደ ላይ ሲመጣ ዋጋውን የሚወስን ባለመኪና፣ ወደ ታች ሲሄድ ነዳጁን የሚሸፍንለት ጭነት ካገኘ አይጠላም። ከአዋሽ ሸለቆ የሚወርድ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ መኖና ከብት በዚህ ባዶ ጉዞ ላይ መሳፈር ይችላል። ጂቡቲ ራሷ የአትክልት ገዥ ናት። የጎደለው ጭነቱን ከመኪናው ጋር በቀጠሮ የሚያገናኝ፣ የታመነ አስማሚ ነው። ይህ ፋብሪካ አይጠይቅም፤ ስልክና ስም ይበቃል።

ፍየሉ፣ ሪያሉና የቻይናው ዕቃ

ከሁሉ በላይ ግን ቻይናንና አረብን በአፋር ቀበሌ ውስጥ የሚያገናኘው የቁም ከብት ነው። የቆላ ፍየልና በግ በውጭ ላኪ ቄራዎች ዘንድ ይመረጣል፤ የደጋው ሥጋ ቶሎ እየጠቆረ ያስቸግራል። ከአዋሽ ሸለቆ ተሰብስቦ ወደ ሞጆና ቢሾፍቱ ቄራዎች የሚሄደው እንስሳ ታርዶና ቀዝቅዞ ከቦሌ ወደ ዱባይና ጅዳ ይበራል፤ ሌላው በቁሙ በጂቡቲ ያልፋል።

ከዚህ ንግድ ጀርባ የነበረውን ሥራ ገበያተኛው ያውቀዋል። የውጭ ምንዛሪ በባንክ ወረፋ በሚጠበቅበት ዘመን ብዙ ላኪ ከብት የሚልከው ከብቱ ትርፍ ስላለው አልነበረም፤ በምንዛሪው የቻይና ዕቃ አምጥቶ መርካቶ ላይ ለማትረፍ ነበር። ላኪው ፍየሉን ከመሸጫው በላይ ገዝቶ ይከስራል፤ ኪሳራውን በጎማ፣ በስልክና በቆርቆሮ ይመልሳል። በሌላ አነጋገር የቻይናው ዕቃ የአፋሩን ፍየል ዋጋ ደግፎ ይዞት ነበር። ይህም ከምንም ነገር አስመጪ ያልሆነውን ንጹሕ ላኪ ከገበያ ሲያስወጣ ኖሯል።

በ2024 ጁላይ 29 ቀን ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግና ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር ሲያልፍ ይህ ሒሳብ ተናጋ። አሁን ፍየሉ በራሱ እግር ቆሞ ማትረፍ ይኖርበታል። ለአርብቶ አደሩ በብር የሚያገኘው ዋጋ ይጨምራል ተብሎ ይጠበቃል፤ ግን የሚገዛው ዱቄት፣ ስኳርና ዘይትም በዚያው ዶላር የመጣ ነው። በዚያው ወር የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክና የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ማዕከላዊ ባንክ የ46 ቢሊዮን ብርና የ3 ቢሊዮን ድርሃም የገንዘብ ልውውጥ ስምምነት ተፈራርመዋል። ሁለቱ አገሮች ከዚያ ቀደም ብሎ ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ የብሪክስ አባላት ሆነዋል። በድርሃም መገበያየት እየተለመደ ከሄደ፣ ወደ ዱባይ የሚላክ ፍየል በዶላር ወረፋ ሳያልፍ የጀበል አሊን የቻይና ዕቃ የሚገዛበት ቀን ሩቅ ላይሆን ይችላል።

በቻይና በኩልም ቢሆን ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ምርቶች ሁሉ ቀረጥ ተነስቷል። የሰሊጥና የቡና ላኪዎች ይህን ተጠቅመውበታል። ከአዋሽ ሸለቆ ሊቀርብ የሚችለው ጥጥና ቆዳ ነው፤ ሁለቱም ግን ጥራትና መጠን ይጠይቃሉ።

ሌላው ሊታሰብ የሚገባው የዓረፋ ጊዜ ነው። የእስልምና ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር በዓሉ በየዓመቱ ወደ ፊት ይመጣል። በ2024 ጁን 16 የነበረው፣ በ2025 ጁን 6 ላይ ውሏል። ይህ ወቅት በአፋር ሐጋይ የሚባለው ደረቅ ጊዜ ነው፤ የሱጉም ዝናብ አልፏል፣ ካርማም ገና አልመጣም። የገልፍ ገዥ በሚፈልግበት ሰዓት እንስሳው ከስቶ ይገኛል። መኖ አስቀድሞ ያከማቸና ሁለት ወር ያደለበ ነጋዴ ዋጋ ይወስናል፤ ያላከማቸ ዋጋ ይቀበላል።

ደላላውና አዲሱ መመሪያ

በ2024 የወጣው የኢንቨስትመንት ቦርድ መመሪያ ለረጅም ጊዜ ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልለው የቆዩትን የወጪ፣ የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ዘርፎች በተወሰነ ቅድመ ሁኔታ ለውጭ ባለሀብት ከፍቷል። ከተከፈቱት መካከል ከገበያ የሚገዛ የቁም እንስሳ መላክ ይገኝበታል። ይህ ማለት የጅዳው ወይም የዱባዩ ገዥ አዲስ አበባ ያለውን ላኪ ሳይጠብቅ ራሱ ወደ ሸለቆው ሊመጣ ይችላል፤ የቻይናው ጅምላ ሻጭም እንዲሁ።

ከአርብቶ አደሩ እስከ ቄራው በር ድረስ በሦስትና በአራት እጅ የሚያልፈው ንግድ በዚህ ሳቢያ መሸማቀቁ አይቀርም። ከመካከል የሚወጣው ማን ነው? በስልክ ዋጋ እየሰማ ኮሚሽን የሚቆርጠው ደላላ ቀዳሚው ነው። የማይወጣው ደግሞ ጎሳውን፣ ቋንቋውንና የውሃ ጉድጓዱን የሚያውቅ፣ እንስሳውን ለይቶ የሚሰበስብና የጤና ወረቀቱን የሚያሟላ ነው። የውጭ ገዥ ዋጋውን በቁጥር ያውቀዋል፤ አሰባሰቡን ግን አያውቅም።

የጤና ወረቀት ሲባል ቀላል ነገር አይደለም። በ2000 በሳዑዲና በየመን የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በተከሰተ ጊዜ ሳዑዲ ዓረቢያ የአፍሪካ ቀንድ እንስሳትን አግዳ፣ እገዳው እስከ 2009 ቆይቷል። ዘጠኝ ዓመት ያለ ገበያ መቆየት ምን እንደሆነ አርብቶ አደሩ አይረሳውም። ሚሌ ላይ የተሠራው የወጪ እንስሳት ኳራንታይን በአግባቡ መሥራቱ ከአንድ አዲስ አስፋልት የሚበልጥ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው።

ሣሩን ብቻ ላለማየት

በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዲሉ፣ ገደሉንም መቁጠር ይገባል። በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሚሌ መንገድ በተጠጋ ጊዜ አገሪቱ በአንድ አስፋልት ላይ የተንጠለጠለች መሆኗ ታይቷል። በአፋርና በኢሳ መካከል በመንገዱ ዳር በሚነሳ ግጭት መኪና ሲቆም ዋጋው መርካቶ ይደርሳል። ከ2023 ኖቬምበር ወዲህ በቀይ ባሕር መርከቦች ላይ የደረሰው ጥቃት የመርከብ ኪራይና መድን እንዴት በአንድ ሌሊት እንደሚንር አሳይቷል። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ የደረሰው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ደግሞ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አፈናቅሎ መንገድ ሰንጥቋል። መጋዘን የሚያቆም ሰው መሐንዲሱን ከደላላው ቀድሞ ቢያማክር አይጎዳም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መሬቱ ነው። በአፋር መሬት በጎሳ የሚያዝ የግጦሽ መሬት ነው። ከክልሉ ጽሕፈት ቤት የተገኘ ካርታ የጎሳውን ስምምነት አይተካም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ በተንዳሆ የጥጥ እርሻ ሲከፍት፣ ከዚያም በኋላ የመስኖ እርሻዎቹ ሲስፋፉ፣ አርብቶ አደሩ በድርቅ ጊዜ የሚወርድበትን የወንዝ ዳር ሣር ማጣቱ ያመጣው ቂም እስከ ዛሬ ይወራል። በሩጫ የታጠቁት በሩጫ ይፈታል። አርብቶ አደሩን ባለአክሲዮን ወይም ቋሚ አቅራቢ ያላደረገ ሥራ ዘበኛ እንጂ ትርፍ አያበዛም።

የቻይናና የአረብ አገሮች ንግድ ማደጉን ይቀጥላል፤ እኛ ብንኖርበትም ባንኖርበትም። ዕቃውና ነዳጁም በአፋር ማለፉን ይቀጥላል። ልዩነቱ የሚመጣው ከሚያልፈው ላይ አዋሽና ሰመራ ምን ያህል በሚያስቀሩት ነው። እስካሁን ያስቀሩት የሻይ፣ የጎማ ጥገናና የአዳር ሒሳብ ነው። ማደለቢያ፣ የመኖ መጋዘን፣ የማቀዝቀዣ ክፍልና የመልስ ጭነት አስማሚ ቢሮ ቢጨመርበት ሒሳቡ ሌላ ይሆናል። አራቱም በአገር ውስጥ ካፒታል የሚጀመሩ ሥራዎች ናቸው። የቻይናው ኩባንያና የአረቡ ፈንድ ሐዲዱንና ወደቡን ሠርተዋል፤ መካከሉን የሚሞላው ነጋዴ ከዚህ መምጣት አለበት፤ አለበለዚያ መመሪያው የፈቀደለት የውጭ ሰው ይሞላዋል።